የጋሽ ይልማ ደረቅ ቀን

የጋሽ ይልማን ሞት የሰማሁት በኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። «ነገ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይኖርም፤ ከወዲሁ ቅዱ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር «የብሎክ ዘጠኙ ጋሽ ይልማ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር» ይላል። ከዚያ ሥር አንዱ ጎረቤታችን ለውሃው የመለሰ መስሎት «እሺ፣ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን» ብሎ አውራ ጣቱን ቀስሯል። እንባዬ መጥቶ ሳያበቃ ሳቅ አፈነኝ። ጋሽ ይልማ ይህን ቢያዩ ኖሮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ልጄ፣ ከመጻፍህ በፊት የትኛው ዓምድ ላይ እንደሆንክ እይ» ይሉት ነበር።

እሳቸውን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጉልበታቸው ነው። ሻይ ሲቀርብላቸው ወዲያው አያነሱትም። ወንበሩን ገፋ ያደርጉና ጉልበታቸውን አጥፈው ዓይናቸውን ከሻዩ ልክ ጋር ያስተካክላሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ግማሽ ጣት ይጎድላል» ይላሉ። አዲስ አስተናጋጅ ከሆነች ትደነግጣለች፤ ልትሞላውም ትሮጣለች። እሳቸው ግን ቅሬታ ማቅረባቸው አይደለም። ያዩትን መናገራቸው ብቻ ነው።

ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እንጦጦ ላይ ነው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ባህር ዛፉ ተመንጥሮ በታጠረች ቦታ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ የዝናብ መለኪያ ያነቡ ነበር። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ በየጠዋቱ በሰዓቱ ሄደህ፣ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ ለክተህ ትጽፋለህ። ባይዘንብም ትሄዳለህ፤ ዜሮ ብለህ ትጽፋለህ። «ዜሮ የሰነፍ ቁጥር የሚመስለው ሰው አለ» ይሉኝ ነበር። «ዜሮን ለመጻፍም ዳገቱን መውጣት አለብህ። እኔ ደመና አይቼ አልጽፍም።»

የሠርጋቸው ዕለት እንኳ ሚዜዎቹን መኪና ውስጥ አስቀምጠው፣ በሙሉ ልብስ ጭቃውን አቋርጠው፣ ለክተው ጽፈው ነው ሙሽራዋን ሊያመጡ የሄዱት። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህንን ሲያነሱ «እኔ የገባሁት በሁለተኛ ሚስትነት ነው፤ የመጀመሪያዋ ቆርቆሮዋ ናት» ይሉ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ጋሽ ይልማ አንድ ቀን ብቻ ታመው ቀርተዋል፤ የዚያ ቀን ሳጥን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። አለቃቸው «ከጎረቤት ጣቢያ አይተህ ሙላት» ቢሏቸው እምቢ አሉ። «ያልለካሁትን ከሞላሁ የለካሁትን ማን ያምነኛል?» ነበር መልሳቸው።

ወደ ቤዝቦል ያስገባቸውም ይኸው ቆርቆሮ ነው። አንድ የውጭ አገር የዝናብ ባለሙያ ሥልጠና ሰጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ጃኬት፣ ለአንዱ ጥሩ ቦቲ ጫማ ደረሰው። ለጋሽ ይልማ የደረሳቸው ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ሲገልጡት ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ ቀጥሎ ዓመት፣ ከዚያ በየዓምዱ አኃዝ። እንደ እሳቸው ላለ ሰው ምን ሊሆን ይችላል? «የአሜሪካ ዝናብ ነው» አሉ። ስሞቹን የከተማ ስም አደረጓቸውና ሳምንት ሙሉ አጠኑት።

«ጌታቸው፣ ሊያሳብደኝ ነበር እኮ!» አሉኝ ሲያጫውቱኝ። «አንድ ጣቢያ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ይመዘግብና ድምጥማጡ ይጠፋል። ከተማ በአሥራ አምስት ዓመት ይዘጋል? ደግሞ መጨረሻቸው ላይ ሁሉም ዝናባቸው ይቀንሳል! እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰማይ ነው ያላቸው አልኩ።»

መግቢያውን በመዝገበ ቃላት ሲፈቱት ነው ከተሞቹ ሰዎች ሆነው የተገኙት፤ ቤዝቦል በሚባል ጨዋታ ኳስ ወርውረው የሚኖሩ ሰዎች። አኃዙም እያንዳንዱ ወርዋሪ ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ፣ ስንት እንደተሸነፈ፣ ዱላ ይዞ የቆመውን መቺ ስንት ጊዜ ባዶ እጁን እንደመለሰ የሚናገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆን ነበር። ጋሽ ይልማ ግን አንድም ጨዋታ ሳያዩ፣ ኳሱ ክብ ይሁን ሞላላ ሳያውቁ፣ ወርዋሪዎቹን እንደ ጎረቤት አወቋቸው። ያኛው ጎበዝ ነበር፣ ክንዱ ከዳው፤ ይኼኛው ዘግይቶ ነው የጎለመሰ፤ እያሉ ያወሩላቸዋል።

ከሁሉም የሚወዱት ግን ብዙ በማሸነፍ የሚስተካከለው ያልተገኘ አንድ የጥንት ወርዋሪ ነበር። የሚወዱትም በማሸነፉ አይደለም። «ከሁሉ ይበልጥ የተሸነፈውም እሱ ነው!» ይላሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፎለታል። ትልቅ ሰው ነው ብለው አልፋቁለትም። ይኼ የታመነ መጽሐፍ ነው።»

በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ደግሞ አንድ አጭር ዝርዝር አለ። አንድ ወርዋሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ትክክለኛ ምት ሳይመታበት የጨረሳቸው ጨዋታዎች ስም ዝርዝር ነው። ታላላቅ የሚባሉት ብዙዎቹ እንኳ ይህን ሳያገኙ ነው ያለፉት። ጋሽ ይልማ ስም አወጡለት፤ «ደረቅ ቀን»። «እንጦጦ ላይ በሐምሌ ደረቅ ቀን ብርቅ ነው። ይኼም እንደዚያ ነው» አሉኝ። «አንድ ቀን በዓይኔ ባይ ብዬ እመኛለሁ፤ ግን ከየት ይመጣል?»

ጡረታ ከወጡ በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሳቸውና ከእንጦጦ ወደ መሪ ሰፈር ወረዱ። እኔ ያወቅኋቸው ያኔ ነው። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ከእሳቸው ቤት በላይ ነው። በፊታችን ያለው ብሎክ ላይ ደግሞ ግርማ ኩባ ይኖራል።

ግርማ በልጅነቱ ከብዙ ልጆች ጋር ኩባ ተልኮ እዚያው ያደገ፣ የፍሪጅ ጥገና ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ቁጥብ ነው፤ ስለራሱ አያወራም። ቅዳሜ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ወዳለው ግንብ ሄዶ ነጭ ኳስ ብቻውን ይወረውራል። ኳሱ ነጥሮ ይመለሳል፤ አንስቶ እንደገና ይወረውራል። ሰፈሩ «የፍሪጅ ጋዝ ነው ጭንቅላቱን የነካው» ብሎ ትቶት ነበር። ጋሽ ይልማ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ቆመው አዩት። ጎንበስ ብለውም አዩት። ከዚያ፦

«ይቅርታ ልጄ፣ ወርዋሪ ነህ?» አሉት።

ግርማ ኳሱን እንደያዘ ቀረ። «ምን አሉኝ?»

«ወርዋሪ። ግራኝ ወርዋሪ። የታችኛውን ጥግ ነው የምትፈልገው፤ አራቴ እዚያው ቦታ መታህ።»

«አገሬ ከገባሁ ጀምሮ ምን እንደሆንኩ ያወቀኝ ሰው ያኔ ነው ያገኘሁት» ብሎኛል ግርማ በኋላ። ያን ቀን ዳቦውን እየቆረሱ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግርማ ለሚስቱ እንኳ ያልተናገረውን ነገራቸው። በወጣትነቱ ኩባ ውስጥ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው መቺ ድረስ አንድም ምት ሳይሰጥ ደርሶ፣ የመጨረሻው ሰውዬ መታበት። ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚህ ደግሞ ሜዳ የለ፣ ዱላ የለ፣ ተጋጣሚ የለ። ጋሽ ይልማ ዳቦ የያዘውን እጃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም አይቼ አላውቅም» አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ።

ቡድኑ የተመሠረተው በዚህ መንገድ ነው። ጓንቶቹን ከኩባ የተመለሱ የግርማ ጓደኞች ከየሳጥናቸው አወጡ። ዱላዎቹን የሠራልን ጉርድ ሾላ ያለ የአልጋ እግር የሚያወጣ አናጢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአልጋ እግር ብዙም አይለዩም ነበር። የጉርድ ሾላ ቢሮ ሠራተኞችም ሲያዩን ቀንተው የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ሜዳ እንገጥማቸዋለን። እኔ የምቆመው በሦስተኛው ቤዝ፣ መቺው ሮጦ ከሚረግጣቸው ምልክቶች በሦስተኛው በኩል ነው። ጋሽ ይልማ ዳር ላይ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ ጃንጥላቸውን ተክለው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው ይመዘግባሉ። ሰኞ ጠዋት ውጤቱ በንጹህ ጽሕፈት ተገልብጦ የብሎካችን መግቢያ በር ላይ ይለጠፋል። ማን እንዳሸነፈ ብቻ አይደለም። ማን መታ፣ ማን ሳተ፣ ሁሉም በስሙ ተጽፎ ነው የሚለጠፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። መቺ መትቶ ቤዝ ላይ ሲደርስ መዝጋቢው መፍረድ አለበት። ኳሷ ለመያዝ የምታስቸግር ከነበረች ምት ናት፤ በወርዋሪው ላይ ትቆጠራለች። ማንም የሚይዛት ቀላል ኳስ ሆና ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ካመለጣት ግን ስህተት ትባላለች፤ ወርዋሪው ነጻ ነው፣ ስህተቱ በሳተው ሰው ስም ይጻፋል። ፈራጁ መዝጋቢው ብቻ ነው። ይግባኝ የለም። ቢያንስ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ድረስ አልነበረም።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ ሐኪም ግርማን ትከሻውን አይቶ «ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል፤ ከዚያ በኋላ መወርወር አታስብ» አለው። ለእኛ የነገረን «ከሚቀጥለው እሑድ በኋላ ሌላ ወርዋሪ ፈልጉ» ብሎ ብቻ ነው። እሑድ መጣ። ግርማ ወረወረ። የጉርድ ሾላ ሰዎች አንድ በአንድ ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ሰባት ዙር ነው የምንጫወተው፤ አምስተኛው ላይ ስንደርስ አንድም ሰው እንዳልመታው ገባኝ። ወደ ጋሽ ይልማ ዞር ብዬ አየሁ። ጃንጥላቸውን አጥፈው በጉልበታቸው መሃል ይዘዋታል፤ ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው፣ አላወቁትም።

ስድስተኛው ላይ ናሆም የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ መታ። ኳሷ መሬት ለመሬት እየነጠረች በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ አልኩ። ኳሷ በእግሮቼ መሃል አልፋ ሄደች። ናሆም የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ጋሽ ይልማ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ ሳሩ አዩ፤ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ግርማን የነካው የለም። ጨዋታው ሲያልቅ ግርማ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀረ። ከእኛው ልጆች ግማሹ «ምን ሆነ? አሸነፍን አይደል እንዴ?» ይላል። ጋሽ ይልማ ግን ከወንበራቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ደረቅ ቀን» አሉ። «ተጻፈ።»

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ እንዲህ የሚል ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ምት፦ ዜሮ። ስህተት፦ መምህር ጌታቸው፣ አንድ።»

ከብሎካችን ብቻ አምስት ተማሪዎች አሉኝ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ነፋስ አቅጣጫ እያስረዳሁ አንዷ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ስህተት አንድ ማለት ከስንት ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ የጋሽ ይልማን በር አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ኳሷ እኮ አስቸጋሪ ነበረች። ነጥራለች!»

«ነጥራለች። ጉልበትህ ድረስ። ያየሁትን ጻፍኩ፣ ጌታቸው።»

«የሰው ስም ነው እኮ የሚያጠፉት!»

«ስም ያጠፋሁበት የለም። ስምህን በትክክል ነው የጻፍኩት» አሉና ሻይ ልቅዳልህ አሉኝ።

እርር ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ትዕግስት «ኳስ ጣልክ እንጂ ሰው አልገደልክ» ብትለኝ ከእሷም ጋር ኮረፍኩ። እና እንደ እኔ ያለ እልኸኛ ብቻ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። ለመሬት ድንበር፣ ለባልና ሚስት ጠብ ሽማግሌ ሲላክ አይቻለሁ። ለቤዝቦል መዝገብ የላከ ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሱቃቸው ከብሎካችን ሥር ያለውን ሐጂ ሸምሱን፣ የዕድራችንን ሊቀመንበር ወይዘሮ አስካለንና አንድ ጡረተኛ ሻምበልን ለመንኩ። «ስህተት» የሚለው ተፍቆ «ምት» ይባልልኝ አልኩ። ይህ ከሆነ የግርማ ደረቅ ቀን እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም። ለራሴም ብዙ አላወራሁትም።

እነሱ ሲገቡ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። በሩ ገርበብ ያለ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ጋሽ ይልማ፣» አሉ ሐጂ ሸምሱ ከብዙ ምርቃት በኋላ፣ «አንድ ቃል ናት። የሰፈር ሰው ከሚቀያየም ትፋቅ። ምን ይጎዳል?»

«ሐጂ፣ እርስዎ ስኳር ሲመዝኑ ጎረቤት እንዳይቀየም ብለው ጣትዎን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋሉ?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ሸምሱ?»

«እንግዲህ።»

ከዚያ ጋሽ ይልማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሦስቱ የግርማን ነገር አወሩላቸው፤ ኩባ ውስጥ ያመለጠውን ጨዋታ፣ ትከሻውን፣ ከእንግዲህ የማይወረውር መሆኑን። ወይዘሮ አስካለ «ውይ ልጄን!» ሲሉ ይሰማኛል። ሽምግልናው ከእጄ መውጣቱን አወቅሁ። ጋሽ ይልማ ቀጥለው ያሉት ግን ከጠበቅሁት ሌላ ነበር።

«ግን እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ። «እኔ ይህችን ቀን ለማየት ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ነው የኖርኩት። ግርማንም እንደ ልጄ ነው የምወደው። ኳሷን ሳይ ዓይኔ ነው ያየው ወይስ ምኞቴ? ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ጌታቸው መጥቶ ሲጮህብኝ ንቄው አይደለም ሻይ ልቅዳ ያልኩት፤ ፈርቼ ነው። እንግዲህ ሜዳ እንውረድና እንለካው። ተሳስቼ ከሆነ በእጄ እፍቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሜዳ ወረድን። ጋሽ ይልማ የቆምኩበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረጉና ደንቡን ተናገሩ። ከዚያችው ኳስ ጋር እኩል የሆኑ አሥር ኳሶች ወደ እኔ ይመታሉ። ሰባቱን ከያዝኩ ኳሷ ቀላል ነበረች፤ ስህተቱ ይጸናል። ካልያዝኩ አስቸጋሪ ነበረች፤ ምት ተብሎ ይጻፋል። የሚመታውን ሰው ሲፈልጉ ከእኛ ውስጥ ኳስን ወደፈለገበት መምታት የሚችል ግርማ ብቻ ሆነ።

እስቲ አስቡት። ግርማ ለዘብ አድርጎ ቢመታ ቀኑ ይተርፍለታል። እኔ ደግሞ አራቷን ብለቅ ስሜ ከበሩ ላይ ይነሳል። ቤቴ ሆኜ የወሰንኩትም ይህንኑ ነበር።

የመጀመሪያዋ መጣች። ጎንበስ አልኩና በጓንቴ ጠርዝ አሳለፍኳት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ሻምበሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሽ ይልማ እርሳሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። ግርማ በደህናው እጁ ዱላውን ጨበጥ አድርጎ ሦስተኛዋን መታ። ይህችኛዋ ሳሩን እየቀደደች ነው የመጣችው። ፊቴን ላድን ብዬ ዘለልኩ።

«ግርማ!» አሉ ጋሽ ይልማ። «ይቺ በዛች። ያቺኛዋ እንደዚህ አልፈጠነችም። አትቆጠርም።»

«ትቁጠር ጋሼ» አለ ግርማ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አለዝቦ መታ፣ ለራሱ አደላ ቢባልስ? በጥርጣሬ የቆመ ቀን አልፈልግም።» ጋሽ ይልማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኳሷ ሳትቆጠር ቀረች።

አፈርኩ። ሌላ ቃል አላገኝለትም። ትከሻው የታመመ ሰው ለእኔ ሲል ኳሱን አጠንክሮ ይመታል፤ እኔ ጤነኛው ቀላሏን ኳስ አስመስዬ እጥላለሁ። ጓንቴን አጠበቅሁ። «ምታ ግርማ» አልኩት። የቀጠለችውን ያዝኩ። ከዚያም ያለችውን ያዝኩ። አንዷን በደረቴ አቁሜ ያዝኳት፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየብኝ። የቀሩትን ስምንቱንም ያዝኩ። ሐጂ ሸምሱ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ሳይገባቸው በየኳሱ ማሻአላህ ይላሉ።

ጋሽ ይልማ ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ እንደ ልማዳቸው ቁጥሩን ሁለቴ ጮክ ብለው አነበቡ። «ስምንት ከስምንት። ስምንት ከስምንት።»

«ከአሥር ነው እንጂ» አሉ ሻምበሉ። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አመለጡት።»

«እነሱን አልጻፍኳቸውም» አሉ ጋሽ ይልማ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ያመለጠና የተለቀቀ አንድ አይደለም።»

ያኔ ነው ያመንኩት። ለምን እንዳመለጠችኝም በሰው ፊት ተናዘዝኩ። ናሆም ሊመታ ሲል ተማሪዎቼ በሜዳው ዳር ሲያልፉ አየኋቸው። ሲያዩኝ ቁመናዬ እንዲያምር ብዬ፣ ኳሷ ስትመጣ ጎንበስ ያልኩት እንደ ፎቶ ተነሺ ነው፤ አንገቴን ቀና አድርጌ። ጋሽ ይልማ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ወደቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እንባቸውን እየጠረጉ «ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለኝም!» አሉ። ግርማ መጥቶ አቀፈኝ። ሐጂ ሸምሱ ለሁሉም ለስላሳ ጋበዙ። ባለቤቴ ግን ወሩን ሙሉ እንጀራ በጣልኩ ቁጥር «ያመለጠ ነው የተለቀቀ?» ስትለኝ ከረመች።

ግርማ ቀዶ ጥገናውን አደረገ። ከዚያ በኋላ አልወረወረም፤ ለሚወረውሩት ያሳያል። ጋሽ ይልማ ደግሞ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረጁ። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ዓይናቸው ሲደክም «እኔ ከእንግዲህ ደመና ነው የማየው» ብለው እርሳሱን አስረከቡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተዉት።

የለቅሶው ድንኳን የተጣለው እዚያው የብሎካችን የመኪና ማቆሚያ ላይ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ የእንጦጦ ሰዎች፣ የመሪ ሰዎች፣ የጉርድ ሾላ ተጫዋቾች። እኔና ግርማ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ወሬው ወደ ጨዋታ ዞሯል፤ ሰዉ ስለ ሻይ ብርጭቆው፣ ስለ ሠርጋቸው እያወራ ይስቃል። ናሆም ከፊታችን ወንበር ላይ ነበር። አሁን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፤ ወፍሯል፣ ክፋት የለበትም።

«እኔን ግን ሮብ አድርገውኛል፣ ዘርፈውኛል» አለ እየሳቀ። «ያቺ የግርማ ኖ ሂት፣ ደረቅ ቀን የምትሏት ጨዋታ ላይ የመታኋት እኮ ክሊር ሂት፣ ጥርት ያለች ምት ነበረች። ጋሽ ይልማ ግርማን ይወዱታል፣ ስህተት አሏት። አሁንማ ማን ይጠየቃል?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ከእንጦጦ የመጣ አንድ ሽማግሌ «እንዴ፣ ይልማ ለሰው ያደላ ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ ገርሞት። ግርማ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ትከሻውን በሌላው እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ስለራሱ እንደማይከራከር አውቃለሁ። ሜዳ ወርደው ካዩት ሽማግሌዎች ሐጂ ሸምሱ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሻምበሉም የሉም፤ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ቤት ናቸው።

ተነሳሁ። በድንኳን ውስጥ እንደዚያ ድምፅ ማውጣት ነውር መሆኑን አላጣሁትም።

«ስህተት ነበር» አልኩ። «ኳሷ ቀላል ነበረች። በእግሬ መሃል ነው ያለፈችው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጌታቸው። ጋሽ ይልማ ለማንም አላደሉም፤ ሜዳ ወርደን ለክተነዋል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ውስጥ ሦስቱ የዘንድሮ ተማሪዎቼ ነበሩ። እነሱም በደንብ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።